ውሃ ያልተደፋበት ጠዋት

ልጆቼ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ ከኋላቸው ውሃ እደፋለሁ። ይስቁብኛል። ትልቁ፣ "እማ፣ ዳቦ ቤቱ እኮ ከዚህ ይታያል" ይለኛል። ይታይ። እኔ ጣሳዬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ ጥጉን ታጥፈው እስኪሰወሩ እጠብቅና አንድ ጊዜ ደፋ አደርገዋለሁ። ከኋላው ውሃ የተደፋለት ሰው ይመለሳል። በእኛ ከተማ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር፤ ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ወንድሜን ከባሕር መልሼበታለሁ።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት በልቤ ይዤው የኖርኩት እናቴን የምከስበት ማስረጃ አድርጌ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በልጅነቴ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ነሐሴ ነበር። በቱኒስ አገር ባሕር ዳር ያለችው ከተማችን ቀሊቢያ በነሐሴ ቀይ ናት፤ በየግድግዳው በክር የተሰካ በርበሬ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ከባሕር ነፋስ በመጣ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሳል። እናቴ ሻድሊያ በርበሬ እየሰካች ነበር የምታሳድገን። ኡሚ ነበር የምንላት። አባታችን ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እኔ አራት ዓመት ሲሆነኝ ባሕር ላይ ቀረ። ያን ዕለት ኡሚ ታማ ተኝታ ስለነበር ከኋላው ውሃ የደፋለት ሰው አልነበረም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ሴቶቹ በርበሬ ሲሰኩ የሚያወሩትን እየለቀምኩ ነው የደረስኩበት።

ወንድሜ ዙሄር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። እጁ ናፍጣ ይሸታል፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ በሎሚ ፈትጎ ያጥበዋል። አኒስ የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ሰውዬ ልጅ። ሁለቱ ከከተማው አሮጌ ምሽግ ሥር ካለው ቋጥኝ ላይ ወደ ባሕር ሲዘሉ እኔ ልብሳቸውን እጠብቃለሁ። አኒስ በሁለት ጣቱ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ከወደቡ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ሳድግ እሱን አገባለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ለዙሄር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀና፣ "ተሰለፊ እንግዲህ" አለኝ።

አጎታችን፣ ዓሚ ሃሚዳ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በአጠገባችን ካለችው ከተማ ከመንዘል ተሚም በሞተር ብስክሌት ይመጣል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዱቄትና ዘይት የሚያመጣልን እሱ ስለነበር፣ የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም ቀሚሳችንንና ፀጉራችንን እናስተካክላለን። ያን ሳምንት ታላቋን ልጁን ዳረ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዶቹ በግቢው በወይን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በር ላይ ለሚገባው ሰው ሁሉ በክር የታሰረች ትንሽ የጃስሚን አበባ ይሰጣል፤ ወንዶቹ ጆሯቸው ላይ ይሰኳታል። እኔ ከሴቶቹም ከወንዶቹም መሃል ማንም የማይከለክለኝ ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ። አኒስ አልተጠራም ነበር፤ ሆኖም መጣ። አበባ የሰጠው የለም። ዙሄር ብድግ አለና የራሱን ጃስሚን ከጆሮው አውጥቶ በአኒስ ጆሮ ላይ ሰካለት። ቀስ ብሎ ነው የሰካለት፣ ፀጉሩን በጣቱ ወደ ኋላ አድርጎ። ከዚያ ሁለቱም ሌላ ሰው መኖሩን የረሱ መስለው ቆሙ።

ከበሮው አልቆመም። ሰው ግን ማውራቱን አቆመ። ዓሚ ሃሚዳ የያዘውን የለውዝ ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠ።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ጃስሚኑ የዓሚ ሃሚዳ ነው፤ ለእንግዳው ልክ ተቆጥሮ ነው የተገዛው፤ ዙሄር ግን ላልተጠራ ሰው ሰጠ። ጥፋት ነው። ግን ትንሽ ጥፋት ነው።

እሑድ ዕለት ዓሚ ሃሚዳ ቤታችን መጣ። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ በርበሬ እሰካለሁ።

"ሰው ፊት፣ ሻድሊያ! በልጄ ሠርግ ላይ!"

"ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ! ያልሰማ ማን ቀረ? ሚስቴ ከቤት መውጣት አፍራለች። ረቡዕ ቀትር ላይ እመጣለሁ። የሚስቴ ወንድም ጣቢያ አይደል የሚሠራው፣ አብረን መጥተን እንወስደዋለን። እዚያ ልክ ያስገቡታል።"

"ልጄ ምን ሰረቀ? ማንን መታ?"

"አንቺ ነሽ ያበላሸሽው። ያለ አባት ያደገ!"

"አባቱ ቢኖር ኖሮ፣ ይህን ለመናገር ደጃፌን አትረግጥም ነበር።"

የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ።

ዛሬ ሕጉን አውቀዋለሁ። ወንድ ከወንድ ጋር ከሆነ ሦስት ዓመት እስር ነው፤ ከእስሩ በፊትም በምርመራ ስም የሚደረግ ነገር አለ፣ ልጽፈው እጄ እምቢ ይለኛል። ያኔ ግን የገረመኝ አንዲት ጃስሚን ሰውን እንዴት ጣቢያ ድረስ እንደምትወስድ ነበር። ልተካለት ወሰንኩ። ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ከምንላት ከጎረቤታችን ከሙንጂያ አጥር ላይ ጃስሚን እየለቀምኩ በውሃ ብርጭቆ ማጠራቀም ጀመርኩ።

ኡሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙሄርን አላቀፈችውም፣ አልተቆጣችውምም። ሰኞ ዕለት ጠዋት ወጥታ ስትመለስ ሁልጊዜ የሚያንቃጭለው የወርቅ አምባር ከእጇ የለም።

"አምባርሽስ?" አልኳት።

"በርበሬው አሳበጠኝ፣ አወለቅሁት።"

እጇን አየሁት። አላበጠም።

ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ ዙሄር አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። ኡሚ በወይራ ዘይት የታሸ በሶ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። በዚያ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ለመሻገር ፓስፖርት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለባሕር ሥራ ብሎ ያወጣው ነበረው። በበጋ ወራት ከወደባችን ነጭ ፈጣን ጀልባ ወደ ኢጣሊያው ወደብ ወደ ትራፓኒ ትሄዳለች። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ያየሁት ኡሚ ግንባሯን ከግንባሩ ጋር ስታጋጥም ነው። የሰማሁትም ይህን ብቻ ነው፦

"አትመለስ። ሰማኸኝ? የፈለገው ቢሆን፣ ሞተች ቢሉህ እንኳ፣ አትመለስ።"

ወጣ። ኡሚ በሩን ዘጋችው። ውሃ አልደፋችም።

ቆሜ ጠበቅኋት። ረስታው ይሆናል አልኩ። እሷ ግን ወደ በርበሬዋ ሄዳ ተቀመጠችና መርፌዋን አነሣች። አባቴም እንዲሁ ሄዶ ነው የቀረው። እናቴ በአንዲት ጃስሚን ምክንያት ወንድሜን አባርራ ለባሕር ሰጠችው፣ አልኩ። አንድ ባዶ ቆርቆሮ ከገንዳው ሞላሁ፣ በጓሮ በር ወጣሁ፣ ዙሪያውን ሮጬ ከጥጉ ላይ ደረስኩበት። ጀርባው ይታየኛል። ያለኝን ሁሉ ደፋሁት። ውሃው በድንጋዩ ላይ እየሮጠ ተከተለው፣ ጫማውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

ከዚያ ጣራ ላይ ወጣሁ። ነጯ ጀልባ ስትወጣ አየሁ። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ባሕሩ ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ። ጀልባዋ እያነሰች ሄዳ ነጥብ ሆነች። ከዚያ፣ እምላለሁ፣ ነጥቧ ተመልሳ ማደግ ጀመረች።

"መጣ! መጣ!" እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ።

ባሕሩ አላሳልፍ ብሏቸው ነው የተመለሱት። ካፒቴኑ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንነሣለን ብሏቸዋል። ዙሄር ፀጉሩ በጨው ተጣብቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። የኡሚ ሳህን ከጭኗ ወደቀና በርበሬው በግቢው ተበተነ። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደስታ መሰለኝ።

ዛሬ እናት ሆኜ ያን ፊት በመስታወት አውቀዋለሁ። ልጄ ትኩሳት ይዞት ያደረ ጊዜ እንዲያ ነበርኩ።

እንኳን ደህና መጣህ አላለችውም። ክንዱን ይዛ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ኻልቲ ሙንጂያ ቤት አስገባችው። ጊዜም አልነበረም፤ የሞተር ብስክሌቱ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ዓሚ ሃሚዳ ኡሚን አምኖ እስከ ረቡዕ መቆየት አልቻለም።

"የት ነው?"

"ወደብ ነዋ፣ ሥራው ላይ" አለች ኡሚ፤ በርበሬውን እየለቀመች።

"ነገ ከቤት እንዳይወጣ። ነግሬሻለሁ።"

እኔ ሮጬ ብርጭቆዬን አመጣሁ። ጃስሚኑ ትንሽ ጠውልጓል። "ዓሚ፣ ይኸው፣ ተካሁልህ" አልኩት። "ዙሄር የሰጠውን ነው። አሁን ተወው።"

ዓሚ ሃሚዳ እጄን ጊንጥ እንደያዝኩ ሁሉ አየው። ፊቱ ቀላ። እኔ ይህ ካልበቃው ሌላ ምሥራች አለኝ ብዬ፣ "ደግሞ ዙሄር እኮ ተመ..." ስል ኡሚ ሀሪሳ የሚባለው የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቦ አፌ ውስጥ አጎረሰችኝ። ጉሮሮዬ ድረስ ነው ያስገባችው። ሀሪሳው አቃጥሎኝ እንባዬ ወረደ።

"ምንድነው የምትለው?" አለ።

"ተመኘሁ ነው የምትለው። ስትራብ የማትመኘው የለም" አለች ኡሚ። "ሻይ ላፍላልህ?"

"አልፈልግም" አለና ወጣ።

ድምፁ ሲርቅ ዳቦውን ተፋሁት። "ለምን ትደብቂዋለሽ? ስንት ለፍቼ ነው የመለስኩት!"

ኡሚ ዞር አለች። "ምን አድርገሽ፣ ሱንዱስ?"

"ውሃ ደፋሁለት። አንቺ ስትረሺ።"

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። "የት ጋ?" አለች። "አሳዪኝ።" ጨርቅ አነሣችና ወጣን። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ቦታውን አሳየኋት፤ ከብዙ ሰዓት በፊት ደርቋል፣ ጠብታም አልቀረም። እናቴ በጉልበቷ ተንበረከከችና ደረቁን ድንጋይ መወልወል ጀመረች። ድንጋይ በድንጋይ። በየስንጥቁ ጨርቁን በጣቷ እያስገባች።

ኻልቲ ሙንጂያ ከደጃፏ ብቅ አለች። ወፍራም ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ የምትራመደው እያማረረች ነው።

"ሻድሊያ፣ አበድሽ? ፀሐይ ድሮ ጠጥቶታል እኮ!"

"ፀሐይ የጠጣውን አላምንም።"

ኻልቲ ሙንጂያ ኡሚን አየች፣ እኔን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ ገብታ ጨርቅ ይዛ ወጣች። "ይኸው እንግዲህ፣ የሚያነሣኝ ሰው ካለ ልንበርከክ" አለችና ከኡሚ ጎን ወረደች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መንገድ ሲያደርቁ ሳይ፣ እኔ የተሰማኝ ጥላቻቸው ነው። ውሃ መከልከሉ ሳያንሳቸው፣ እኔ የሰጠሁትን እንኳ ሊያጠፉበት።

ረቡዕ ጠዋት በመንገዱ ዝምታ ነቃሁ። ሰፈራችን ጠዋት ጠዋት በውሃ ድምፅ ነው የሚነቃው። ሴቶቹ ሁሉ ደጃፋቸውን ያጥባሉ፣ የሳሙናው ውሃ ቁልቁል ወደ ባሕር ይፈሳል፣ እነሱ ከላዩ እየተሰዳደቡ ይሳሳቃሉ። ያን ጠዋት ግን ጠብታ የለም። የገንዳችን ክዳን ላይ ኡሚ የወፍጮ ድንጋይ ጭናበታለች። በጓሮ ወጥቼ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ።

"ኻልቲ፣ ትንሽ ውሃ።"

"የለም የኔ ልጅ፣ ቧንቧው ጠፍቷል።"

ሁለተኛው በር ላይ፣ "ዛሬ ውሃ አይነካም፣ እጄን አሞኛል" አለችኝ። ሦስተኛዋ ሙሉ ባልዲ ከኋላዋ እየታየኝ፣ "የት አለና!" አለች። ኻልቲ ሙንጂያ መጥረጊያዋን ተደግፋ በደረቅ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ "ሂጂ ወደ እናትሽ፣ አንቺ ጉድ" አለችኝ። ድምጿ ግን ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ሰፈሩ በሙሉ አድሞበታል፣ አልኩ። አንድ ሰው እንኳ እንዲመለስ አይፈልግም።

ዙሄር ሲወጣ ኡሚ ሁለት እጄን በአንድ እጇ ያዘችኝ። ሴቶቹ በየደጃፋቸው ቆመዋል። እሱ በመካከላቸው አለፈ፤ የጫማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከሱቁ በር ላይ አኒስ ቆሞ ነበር። ሊያፏጭ ሁለት ጣቱን ወደ አፉ ወሰደና መልሶ አወረደው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ ኡሚ ቶሎ ብላ በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ሌላውም ሲመጣ ጠረገችው፣ "አታፍስሺው፣ አታፍስሺው የኔ ልጅ፣ መሬት እንዳይነካ" እያለች። የራሷንም በትከሻዋ ትጠርጋለች።

ዙሄር ከጥጉ ላይ አንድ ጊዜ ዞረ። መንገዱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ሄደ። ባሕሩ ያን ቀን እንደ ሳህን ለጥ ብሎ ነበር። ጀልባዋ ነጥብ ሆነች፣ ነጥቧም ጠፋች።

ቀትር ላይ ዓሚ ሃሚዳ ከሚስቱ ወንድም ጋር መጣ።

"የት አለ?"

"አባረርኩት" አለች ኡሚ፤ መርፌዋን ሳታቆም። "አሳፈረኝ፣ አባረርኩት።"

"አትዋሺኝ።"

"ውጣና መንገዱን እየው። ውሃ የደፋሁለት ይመስልሃል? ሰፈሩን ጠይቅ።"

ወጥቶ ጠየቀ። "አልደፋችም!" አሉ ሴቶቹ በየደጃፉ። "ወላሂ ጠብታ አልደፋችም!" "እኛም አልደፋንም!" ኻልቲ ሙንጂያ ደረቅ መጥረጊያዋን አንሥታ፣ "እንዲህ ያለ ድርቅ በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም፣ ሃሚዳ" አለችው። አንድ ቃል አልዋሹም። ዓሚ ሃሚዳ ደረቁን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ደግ አድርጋለች" አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ዱቄትና ዘይቱ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ከኡሚ ጋር በርበሬ መስካት ጀመርኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እናቴን በዚህ ከሰስኳት። በአፌ አይደለም። ወልጄም፣ በየቀኑ ቤቷ እየሄድኩም፣ ውስጤ ያ ደረቅ መንገድ ነበር። ከወንድሜ ደብዳቤ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ኡሚ እያንዳንዱን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፣ እዚያ አንዲት ፋርማሲስት ታነብላታለች፣ እሷም በበሶ ቆርቆሮ ውስጥ ትቆልፈዋለች። "ደህና ነው" ትለኛለች፣ በቃ።

የሦስተኛ ክፍል ፊደሌ ጠፍቶኝ ነበርና፣ እኔ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው እንደ አዲስ ማንበብ የተማርኩት። የልጄ መምህርት የላከችልኝን ወረቀት ገልብጬ ይዤ፣ ልጄ ቀስ ብሎ ያቃናልኝ ቀን ነው የወሰንኩት። በሴቶች አዳራሽ ሦስት ቀን በሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ከኔ በቀር ሁሉም ሴት አያቶች። እየፈራሁ ነበር የምሄደው፤ እርሳሱን በጣም ከመጫኔ የተነሣ ወረቀቱ ይቀደዳል። በዓመቱ ለኡሚ የመድኃኒቷን ሣጥን አነበብኩላት። ብድግ አለች። ከዚያ የበሶ ቆርቆሮውን አመጣች።

"አንብቢልኝ። ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ከአንቺ አፍ ልስማው።"

የመጀመሪያው ወረቀት በእጥፋቱ ተበልቷል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

"ኡሚ፣ ደርሻለሁ። ከጥጉ ላይ ዞሬ ሳይ መንገዱ ሁሉ ደረቅ ነበር፣ የኻልቲ ሙንጂያ ደጃፍ እንኳ። እድሜ ልኬን ያን ደጃፍ ደርቆ አይቼው አላውቅም። ሁሉም እንደሚያውቁ ያኔ ገባኝ። አውቀውም ከእኔ ጋር እንደቆሙ። ጀልባዋ ላይ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው። ሱንዱስን አትቆጪያት። ማክሰኞ ውሃውን ስትደፋ ሰምቻታለሁ፣ ዞሬ ባያት ኖሮ መሄድ ያቅተኝ ነበር።"

ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ጠፍቶኝ አይደለም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ስምንት ዓመትሽ ነበር። ለሃሚዳ ጃስሚን የሰጠሽ ልጅ ነሽ!"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያማ ተቀይመሽኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስላስቀረሁሽ ነው ብዬ አፈርኩ።" እጇን ጭኗ ላይ አሻሸች። "ለሱ መንገድ ስከፍት ያንቺን ዘጋሁብሽ። ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም።"

"ይኸው እያነበብኩልሽ አይደል" አልኳት። ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። ፀጉሬን ዳሰሰችኝና፣ "ቀጥይ፣ ሦስተኛው ነው ጥሩው" አለች።

ሦስተኛው ላይ ጄኖቫ ከተማ እንደገባ፣ አውቶቡስ መንዳት እንደጀመረ፣ ማርቼሎ ከሚባል ሰው ጋር ቤት እንደያዘ፣ እንደሚወደውም ይላል። ቀና ብዬ አየኋት።

"እዚች ጋ ስትደርስ ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች" አለች ኡሚ። "ከፍ አድርጊው፣ ጆሮዬ ከባድ ነው አልኳት። ጆሮዬ ምንም አልነበረውም።"

ያን ሳምንት በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ኡሚ ከጎኔ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። "ሃሚዳ ሞቷል፣ አፈር ይቅለለው። እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አትመለስ ያልኩህን አንሥቻለሁ። ሰውህንም ይዘህ ና።" አራት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ስህተት እንዳይኖርበት ፈርቼ።

በነሐሴ መጡ። ዙሄር ፀጉሩ ሸብቷል፤ እጁ ናፍጣ አይሸትም። ማርቼሎ ረጅም ነው፤ በገባ ቁጥር በራችን ላይ ግንባሩን ይመታል፣ ኡሚም በተመታ ቁጥር ዘይት ትቀባዋለች። ለሰው ሁሉ "የልጄ እንግዳ" አለች፤ ሰውም ሁሉ አወቀ፣ ሰውም ሁሉ ዓሣ አመጣ። አሥር ቀን በርበሬ ሲሰኩ ሰነበቱ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ወደ ቱኒስ የሚወስዳቸው ታክሲ ከመንገዱ ጫፍ ቆመ። ኡሚ ባልዲዋን ሞልታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔ የድሮውን ቆርቆሮ ይዣለሁ። ሁለቱ ገና አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ደፋነው። ከዚያ የሚቀጥለው በር ተከፈተ። ከዚያ የሚቀጥለው። ኻልቲ ሙንጂያ በወንበር ተቀምጣ፣ ሁለት የልጅ ልጆቿን ገንዳ አሸክማ፣ "ድፉት! ድፉት! ሃያ ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው!" ትላለች። ከላይ ከጣራም ወረደ። ያኔ ያልነበሩ ሙሽሮች እንኳ ከአማቶቻቸው ሰምተው ባልዲ ይዘው ወጡ። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ማርቼሎ ጫማውን አውልቆ እየዘለለ ይስቃል። የታክሲው ሹፌር፣ "ኧረ ወንበሬን! ዋናተኛ ነው እንዴ የምጭነው!" ይላል።

ብረታ ብረት ሱቁ ጋ ሲደርሱ አኒስ ወጣ። አግብቶ አራት ልጆች አሉት፤ ሱቁም ዛሬ የሱ ነው። የሚጠጣበትን ብርጭቆ ይዞ ነበር። ዙሄር እስኪያልፍ ጠበቀና ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ከኋላው አፈሰሰለት። ከዚያ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ። ወደቡ ማዶ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

ዙሄር ከጥጉ ላይ ዞረ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ኡሚ ባዶ ባልዲዋን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችለት።

በሚቀጥለው ነሐሴ ተመለሱ። በሚቀጥለውም።